ያለ ሐዘን የተተከለ ድንኳን

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም የቧንቧው ወረፋ ጭቅጭቅ ቀሰቀሰኝ። የማን ባልዲ ቀደመ፣ የማን ዘገየ... እዚህ ግቢ ሰው በራሱ ፈቃድ አይነቃም። ፊቴን ሳልታጠብ በሩ ተንኳኳ፤ ጎረቤቶች፣ ወንፊት ፈልገው። ሄዱ። ደግሞ ተንኳኳ፤ ምንም ሳይፈልጉ፣ እንዲያው እንዴት አደራችሁ ለማለት። እታለም ለሁሉም ትከፍታለች።

እታለም የምላት አክስቴን በለጠችን ነው። እናቴ አይደለችም፤ ያሳደገችኝ ግን እሷ ናት። ቤታችን አንድ ክፍል፣ በእሷና በእኔ አልጋ መካከል አንድ መጋረጃ። ስታስነጥስ መጋረጃው ይወዛወዛል። እወዳታለሁ። ግን አንዳንዴ... አንዳንዴ ለአንድ ቀን እንኳ ማንም ስሜን ባይጠራ ደስ ይለኛል።

ትምህርት ቤት መምህር እንድሪያስ አዲስ ሥራ ሰጡን። ኤግዚቢሽኑ ኢንተርኔት ላይ ነው። አዳራሽ የለ፣ ሚስማር የለ። እያንዳንዳችን የሌለ ዓለም እንሠራለን፤ ተመልካች በስልኩ ይገባል፣ በጣቱ እየነካ ይዘዋወርበታል። ርዕሱ «መሸሻ»። ዓለም ሲሰለቻችሁ የምትሸሹበት ቦታ ካለ እዚያ ውሰዱን አሉ።

ኤዶም ባሕር ውስጥ የሰመጠ ፒያሳ ልትሠራ ነው፤ ወርቅ ቤቶቹ ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበት። አማኑ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ከተማ፣ የታክሲ ረዳት የማይጮህበት። እኔ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። ማንም የማይመጣበት ሀገር። በር የለው፣ የሚያንኳኳ የለ። ኤዶም ሳቀችብኝ። የምትፈልጊው ዓለም ሳይሆን ትርፍ ክፍል ነው አለችኝ። ይሁንላት።

ጥቅምት 7፣ አርብ

የሀገሬ ሣር ተሥሎ አለቀ። ድንጋዩ አለቀ። መንገዱም። ሰማዩ እምቢ አለ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

መምህር እንድሪያስ ሰማዬን አዩት። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ሰገን፣ ይሄ ሰማይ አይደለም፣ ፌስታል ነው። እዚህ የሸሸ ሰው ታፍኖ ይሞታል።» ልክ ናቸው። ያናደደኝም ልክ መሆናቸው ነው።

ከክፍል በኋላ ሦስታችን ጊዮርጊስ አጠገብ ኬክ ቤት ገባን። አማኑ እንደ ሁልጊዜው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል። ሌላ ልብስ ያለው አይመስለኝም። እናቱን ጸሎት ቤት ሰዎች ልጅሽ ማን ሞቶበት ነው እያሉ ያስቸግሯቸዋል አሉ። ማኪያቶውን እያማሰለ፣ ሰማይ በኮምፒውተር ከምትስዪ እውነተኛ ነገር ፈልጊ አለኝ። አንድን ነገር ከየአቅጣጫው ፎቶ ካነሱት ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ሰፍቶ ሙሉ ቦታ ያደርገዋል። ሰው ሊገባበት የሚችል ቦታ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ልጅ ሆኜ እታለም ለቅሶ ይዛኝ ትሄድ ነበር። አዋቂዎቹ ሲያለቅሱ እኔ አግዳሚ ወንበር ሥር ተጋድሜ የእድሩን ድንኳን ወደ ላይ አይ ነበር። ፀሐይ ከውጭ ስትመታው ሸራው ውስጥ የሚገባው ብርሃን... ማር የመሰለ። ጥጋጥጉ የተጣፈበት፣ በየቦታው የተበሳ። ማንም እኔን አያየኝም ነበር። በሕይወቴ ብቻዬን የሆንኩት እዚያ ነው፣ ሰው በሞላበት ለቅሶ ቤት።

ይህን ስነግራቸው አማኑ ማማሰሉን አቆመ። «ጨረስሽ እኮ። ሰማይሽ እሱ ነው።»

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ጋሽ ዘበነን ጠየቅናቸው። የእድሩ ንብረት ያዥ እሳቸው ናቸው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ በእሳቸው ቁልፍ ሥር ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንኳን የሚወጣው ለሐዘን ነው፣ ግፋ ቢል ለሠርግ፤ ለፎቶ ወጥቶ አያውቅም አሉ።

እታለም በጉንፋን ድምጿ ተዘግቶ፣ ጋቢዋን ተከናንባ እዚያ ድረስ መጣች። በእኔ ስም ይውጣ፣ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ አለች። ጋሽ ዘበነ እሷን እምቢ ማለት አይችሉም። አሮጌው ድንኳን ይሁን፣ ጓሮ ተክላችሁ ሰው ሳያይ አውርዱ ብለው ፈቀዱ።

ምን ያህል እንደከበዳት አውቃለሁ። እድር ለእታለም ቀልድ አይደለም። አልወለደችም፣ ዘመድ የሚባል እኔ ብቻ ነኝ። ለቅሶ ቀርታ አታውቅም፤ ታማ እንኳ ትሄዳለች። «እኔ ሀብቴ ይሄ ነው፣ የሄድኩበት ሁሉ ይመጣልኛል» ትላለች። ሞት አያስፈራትም። ሞታ ድንኳኗ ባዶ መቅረቱ ነው የሚያስፈራት። ለእኔ ስትል ግን ይህን አውጥታ አስያዘችው። ለሰማይ! ሰማይ ምን እንደሚያደርግልኝ እንኳ በደንብ ሳይገባት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር?

ጠዋት ድንኳኑን ጓሮ ተከልነው። ካስማ መምታት ከሥዕል ይከብዳል። ግን ሲቆም... ፀሐይዋ በሸራው ወጣች፣ ያ ብርሃን መጣ፣ ልክ እንደ ልጅነቴ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ኮከብ ሆኑ። ኤዶም ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተኛች። አማኑ እየዞረ ያነሳል፣ የውስጡንም ድምፅ እንዲቀዳ ሌላ ስልክ መሬት ላይ አስቀምጧል። እንደዛሬ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያላሰብነው ነገር። ምሰሶው ረጅም ነው። የድንኳኑ አናት ከቆርቆሮ አጥሩ በላይ ብቅ ብሎ ከመንገድ ይታያል። እታለም ደግሞ ከሐሙስ ወዲህ በጉንፋን ተኝታለች፣ መስኮቱ ዝግ፣ ማንም አላያትም። ያየ ሰው ምን ይበል?

መጀመሪያ የሰማነው ጩኸት ነው። «በለጥዬ!» የሚል። እትዬ አዳነች ነበሩ፣ የአጥር ጎረቤታችን። ከእታለም ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። የእሳቸው ጣሪያ አሸንዳ ውኃውን እኛ ደጅ ያፈሳል፤ ጠቡ ከዚያ ተነስቶ ዓመታት ሆነው። ያው እትዬ አዳነች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ደረታቸውን እየመቱ። ጥቁር የለበሰውን አማኑን ሲያዩ ባሰባቸው፤ አቅፈውት አለቀሱ። እሱም ምን ያድርግ፣ አቀፋቸው።

«ሳልታረቅሽ ሄድሽ? በለጥዬ፣ አራስ ቤት ሳለሁ ገንፎዬን ያገነፋሽልኝ... እናቴ ስትሞት አፈር ላይ አብረሽኝ የተኛሽ... ለአሸንዳ ብዬ፣ ለቆርቆሮ ብዬ...»

አልሞተችም ብል ድምፄን ለቅሷቸው ዋጠው። ከኋላቸው ሰፈሩ ገባ። ባለሱቁ ሽኩር ሱቁን ዘግቶ አግዳሚ ተሸክሞ መጣ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ እምሩ ደረሱ፤ ጡሩምባ ሳይነፋ እንዴት ይተከላል እያሉ ይቆጣሉ። ኤዶም የለም፣ የለም ትላለች፣ እነሱ ደግሞ አይዞሽ ይሏታል።

የቤቱ በር ተከፈተ። እታለም ጋቢዋን ተከናንባ፣ በዚያ በተዘጋ ድምጿ፣ «ማነው የሞተው?» አለች።

ኤዶም ሳቀች። ፈርታ ነው፣ ስትፈራ ትስቃለች፤ ግን ሳቀች። እትዬ አዳነች ቀስ ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን ፈቱ። እታለምን «አንቺ ነሽ ያስተከልሽው?» አሏት። እታለም እኔ ነኝ አለች። እትዬ አዳነች ፊታቸውን አዙረው ወጡ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

እትዬ አዳነች እድሩ ዘንድ ከሰሱ። የእድር ንብረት መጫወቻ ሆኗል፣ በሕይወት ላለ ሰው ተለቅሶበታል፣ የበለጠች ስም ይሰረዝ። በጊዮርጊስ ዕለት ስብሰባ አለ። ጋሽ ዘበነ ቁልፉን ተቀምተዋል። የሰው ዓይን ማየት አቃተኝ።

እታለም አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ከሰዓት ሻይ እያጠጣኋት፣ አዳነች ያለችውን ሰማሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። እሷም አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። መጀመሪያ ሕልም መስሏት።

«ታዲያ ለምን ቶሎ አልወጣሽም?»

«እስክትጨርስ ጠበቅኳት» አለችኝ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ፎቶዎቹ ተሰፉ። ሰማዬ ተገኘ። መምህር እንድሪያስ ስልኩን ይዘው ዞሩበት፣ መነጽራቸውን ረሱ። ከክፍሉ ሁሉ በላጭ ነው አሉ። እንዲህ እንዲሉኝ ነበር የፈለግኩት... ደስታው ግን የለም።

አማኑ ቅጂውን አሰማኝ። የእትዬ አዳነች ለቅሶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገብቷል። ዓለምሽ ውስጥ ከሩቅ ቢሰማ ሰው ያብዳል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያሳብዳል። አጥፋው አልኩት። የሁለቱ ሴቶች ነው፣ የእኛ አይደለም። ሊከራከረኝ አፉን ከፈተና ተወው። ዓይኔ እያየ አጠፋው። በዚህ ነው የምወደው። ጻፍኩት እንግዲህ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

እትዬ አዳነች ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ፣ ግቢ አላሉኝም። እሳቸው ሰውን ግቢ ሳይሉ... መጀመሪያዬ ነው።

እንዳልተቀየሙኝ ነገሩኝ፣ ልጅ ነሽ አሉ። ያመማቸው ሌላ ነው። «ያን ሁሉ ዓመት ያላልኳትን አልኳት። እሷ ደግሞ እቤት ተኝታ ታዳምጠኛለች። አሁን በየትኛው ዓይኔ ልያት?» ድምፃቸው ሲሰበር በሩን ዘጉት። አፍረው ነው። የተናደዱ መስሎን ነበር እኮ።

ለእታለም ልንገራት ወይስ ልተው? ተውኩት። የሁለቱን ነገር ዳግመኛ መንካት ፈራሁ።

ጥቅምት 21፣ አርብ

እታለም ለመገነዣዋ ያስቀመጠችውን ነጭ ነጠላ ከሣጥን አወጣች። ዘረጋችው፣ አራገፈችው፣ አጥፋ መለሰችው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ አየኋት።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

እታለም ጊዮርጊስ አስቀድሳ በቀጥታ ወደ ስብሰባው ሄደች። ኤዶምና አማኑ ሳልጠራቸው መጡ። አማኑ ለእኔ ብሎ ሰማያዊ ሸሚዝ ተውሶ ለብሷል፤ እጅጌው አጥሮታል።

ጋሽ እምሩ ደንቡን አነበቡ። የእድርን ንብረት ከተመደበለት ጉዳይ ውጭ ያዋለ አባል ሊሰረዝ ይችላል። ጋሽ ዘበነ ቁልፉ የእኔ ስለነበር ጥፋቱም የእኔ ነው አሉ። እኔም ተነሳሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ድንኳኑን ለምን እንደፈለግኩት፣ ማንም የማይመጣበት ሀገር እየሠራሁ እንደነበር ተናገርኩ። አንድ አዛውንት ማንም እንዳይመጣ ከፈለገች ድንኳን ምን ያስተክላታል አሉ፤ ሰው ሳቀ። ለሳቁ ጊዜ አልነበረኝም፣ እታለምን አያለሁ።

እታለም ተነሳች። ይቅርታ ይደረግልኝ አላለችም። ስሜን ብትሰርዙ መብታችሁ ነው፣ ስሞት ማን እንደሚመጣ እሱ ያውቃል አለች። ወደ እትዬ አዳነች ዞረች።

«አዳነች፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ገንፎውን ግን አሳርሬው ነበር።»

እትዬ አዳነች ቀና ብለው አላዩዋትም። መሬት መሬት ያያሉ። «አሳርረሽው ነበር» አሉ። «በላሁት እኮ።»

ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። መቀመጫ ቀይረው አንድ ወንበር ላይ ሆነው። ጋሽ እምሩ እንዲያበቁ ጠበቁ፤ እሳቸውም መሃረባቸውን አውጥተዋል። ስሟ አይሰረዝም ተባለ።

እትዬ አዳነች ግን እንባቸውን ጠርገው እጃቸውን አወጡ። ልጆቹ ዝም ተብለው አይታለፉም አሉ። ድንኳን የሚተክሉት ወንዶች ሁሉ አርጅተዋል፤ ባለፈው ለቅሶ ጋሽ ዘበነ ከመሰላል ሊወድቁ ነበር። መትከል ከቻሉ ይትከሉ። ለፎቶ የጠነከረ ክንድ ለሐዘንም ይጠንክር። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ከዛሬ ጀምሮ የእድሩ ድንኳን ተካዮች እኛ ሦስታችን ነን፣ ይብቃችሁ እስክንባል ድረስ።

አማኑ እጁን አውጥቶ፣ እኔ እኮ የሰፈሩ ልጅ አይደለሁም፣ ደግሞም ጴንጤ ነኝ አላቸው። ጋሽ እምሩ አላመነቱም። «ካስማ ሃይማኖት የለውም። ከዛሬ ጀምሮ የሰፈሩ ልጅ ነህ፤ ተቀመጥ።»

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ከማላውቃቸው ከተሞች ሰዎች ይገባሉ፣ ሰማዬ ሥር ይዞራሉ፣ የወደዱትን ይጽፋሉ። አንዱ ከዚህ መውጣት አልፈልግም ብሎ ጽፏል። ደጋግሜ አነበብኩት።

ፎቶዎቹ ውስጥ የገቡት ሰዎች ግማሽ ጥላ ሆነው ቀርተው ነበር። አጠፋኋቸው። ሁሉንም። መምህር እንድሪያስ እንድተዋቸው ጠይቀውኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ባዶ ሀገሬን አሁንም እፈልገዋለሁ። እዚህ ግቢ ለሚኖር ሰው ይህ ኃጢአት አይደለም።

ሽኩር ሱቁ ባንኮኒ ላይ ስልኩን አስደግፎ ለሰፈሩ ያሳያል። እናቱም ከውስጥ ወጥተው አዩ፤ ማሻአላህ ማነው የጣፈው አሉ፣ የድንኳኑን ጥፈት ነው የወደዱት። እታለም በጣቷ ስትነካው ሰማዩ ተገለበጠባት፣ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። እትዬ አዳነች በደንብ ዞሩበት። ጥጋጥጉን፣ መንገዱን፣ ሣሩን። «ያምራል» አሉኝ። «ግን ሰው የሌለበት ድንኳን... ማን ያጽናናሻል እዚህ?» ሰው እዚያ የሚሄደው ለመጽናናት አይደለም፣ ለማረፍ ነው አልኳቸው። ይሁን፣ ሲሰለችሽ አጥሩን አንኳኪ አሉኝ። አሸንዳው ወደ መንገድ ዞሯል፤ ያዞሩት እሳቸው ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የሽኩር እናት ትናንት አረፉ። ያኔ ጡሩምባው ሲነፋ እታለም ሳትቀሰቅሰኝ ተነስቼ ጫማዬን እፈልግ ነበር። ለኤዶም ደወልኩ። አማኑ ቀድሟት ደረሰ፤ ጥቁር ልብሱን ለብሶ። በዚህ ጊዜ ማንም ምንም አላለውም።

ሽኩር ደጅ ተከልነው፣ አዲሱን። ኤዶም መሰላል ላይ፣ አማኑ ገመድ ይስባል፣ እኔ ካስማ። መዳፋችን ተላልጧል። ጋሽ ዘበነ ቁልፋቸው ተመልሶላቸው ከታች ያዝዙናል። ዛሬም ቀኑን ሙሉ ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ይወጣል። ሽኩር ደጁ ላይ ቆሞ እየተቀበለ እኛን ባየ ቁጥር አንገቱን ይነቀንቃል። ያኔ እታለም የሞተች ሲመስለው ሱቁን ዘግቶ አግዳሚ ያመጣው ሰው። ለእሱ ምሰሶ በመያዜ ደስ አለኝ። ሐዘን ቤት ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን አለኝ።

ከሰዓት ንፋስ ተነስቶ አንዱን ጥግ አረገበው። እታለምና እትዬ አዳነች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲወጡ እዚያው ጋ ቆሙ። ሁለቱም እንደ መሐንዲስ ገመዶቹን ይመረምራሉ። እታለም አንዱን በጣቷ ሳብ አደረገችው።

«ሰገን፣ ይሄኛው ላልቷል። የእኔ ጊዜ ይሄን ጠበቅ አድርጊው።»

ተራ ነገር እንደማዘዝ ነው ያለችው፤ ጨው ጨምሪ እንደምትለኝ። እትዬ አዳነችም፣ አዎ እዚህ ጋ ንፋስ ይበዛል አሉ። ተያይዘው ሄዱ።

ፊቷ ላይ ያ የባዶ ድንኳን ፍርሃት የለም። ልብ ብዬ አየሁ፣ የለም።

ካስማውን ነቅዬ እንደገና መታሁት። እያለቀስኩ ነው የመታሁት። ሴቶቹ መጥተው አቀፉኝ፣ አይዞሽ አሉኝ፤ ለሽኩር እናት የማለቅስ መስሏቸው።